ሃዲክስ ፍጹም ጨዋታ ወርውሯል ወይስ አልወረወረም?

በአንድ የቤዝቦል መድረክ ላይ በዚህ ጥያቄ ክር የከፈተው ሰው ነገር አላንዛዛም። ማክሰኞ ሜይ 26 ቀን 1959 ማታ፣ በሚልዋኪ ካውንቲ ስታዲየም፣ የፒትስበርግ ፓይሬትሱ ግራኝ ወርዋሪ ሃርቪ ሃዲክስ የሚልዋኪ ብሬቭስን 36 መቺዎች ተራ በተራ አወጣ፤ ቤዝ ሳይዝ የተሰናበተ መቺ አውት ይባላል። 12 ኢኒንግ (ሁለቱም ቡድኖች በየተራ ሦስት አውት እስኪሆንባቸው የሚመቱበት ክፍል) ሙሉ አንድም ሰው አንደኛ ቤዝ (መቺው መጀመሪያ ሮጦ የሚይዘው ጣቢያ) አልረገጠም፤ በ13ኛው ግን ተሸነፈ። ከፋቹ ይህን ካስቀመጠ በኋላ ሦስት ነገር ይላል፦ ጨዋታው ከፍጹም ጨዋታዎች ዝርዝር ውጭ መደረጉ ግፍ ነው፤ ጥፋተኛው ሦስተኛ ቤዝ ላይ የነበረው ዶን ሆክ ነው፤ ውጤቱም 2 ለ 0 ነበር። የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ ብሎ ዘጋ። ሦስቱንም አልተዉለትም።

የመጀመሪያው መልስ ሰጪ፣ ቁጥር 1፣ ምስጋናውን አስቀድሞ አንድ ሒሳብ ያክላል። የመቺዎች ተራ ዘጠኝ ሰው ስለሆነ 36 አውት ማለት ተራው ሳይዛነፍ አራት ጊዜ ዞረ ማለት ነው። ስለዚህ 13ኛው ኢኒንግ የተከፈተው ልክ እንደ 1ኛው በተራው መጀመሪያ ቦታ ነው፤ ከኋላው ኤዲ ማቲውስ፣ ሃንክ አሮን፣ ጆ አድኮክ ተሰልፈዋል። ሃዲክስ እነዚህን ሰዎች ለአምስተኛ ጊዜ ሊገጥም ነበር። ዛሬ ወርዋሪው ተራውን ለሦስተኛ ጊዜ ማየት ሲጀምር አሰልጣኙ የቡልፔኑን (ተተኪ ወርዋሪዎች የሚሟሟቁበትን ቦታ) ስልክ ያነሳል።

ቁጥር 2 በትሕትና ያርመዋል፦ ቦታው አንድ ይሁን እንጂ ሰውየው ሌላ ነው። ጨዋታውን በመጀመሪያ መቺነት የጀመረው ጆኒ ኦብራየን ነበር። በ10ኛው ዴል ራይስ ተተክቶ መታለት፤ ከ11ኛው ጀምሮ ሁለተኛ ቤዝ ላይ የቆመውና በዚያው የመቺነት ቦታ የገባው ፊሊክስ ማንቲያ ነው። እርማቷ ትንሽ ትመስላለች። ግን ነገሩን ሁሉ የጀመረው ይህ ተቀይሮ የገባ ሰው ነው።

ቁጥር 3 በአንድ መስመር ፍጹም ጨዋታና ሂት አልባ ጨዋታ ልዩነታቸው ምንድን ነው ይላል። ቁጥር 4 ሳይሰለች ያስረዳዋል። ሂት አልባ ጨዋታ ውስጥ ሰው ቤዝ ሊረግጥ ይችላል፤ በዎክ (አራት መጥፎ ውርወራ ሲሰጠው በነፃ)፣ ኳስ ሰውነቱን መትታው ወይም በኢረር (በተከላካይ ስህተት)። የሚከለከለው ሂት፣ ማለትም መቺው በራሱ ምት ቤዝ የሚይዝበት፣ ብቻ ነው። ፍጹም ጨዋታ ላይ ግን በየትኛውም መንገድ ቢሆን ማንም አንደኛ ቤዝ አይደርስም፤ በዘጠኝ ኢኒንግ 27 መጡ፣ 27 ወጡ። መከላከያው ኳስ ቢስት ወርዋሪው ያለ ጥፋቱ ፍጹምነቱን ያጣል። ፍትሐዊ ነው አይደለም የሚለው ሌላ ክር ይፈልጋል ብሎ አለፈ።

የክሩ ዋና መልስ ቁጥር 5 ነው። የ13ኛውን ኢኒንግ ታችኛ አጋማሽ (ባለሜዳው ብሬቭስ የሚመታበትን) ውርወራ በውርወራ ባይሆንም ሰው በሰው አስቀምጦታል። ማንቲያ መሬት ለመሬት ወደ ሦስተኛ ቤዝ መታ። ሆክ ኳሷን በደንብ ይዟታል፤ ጊዜም ነበረው። ወደ አንደኛ ቤዝ ሲልካት ግን ዝቅ ብላ ሄደችና ሮኪ ኔልሰን ሊይዛት አልቻለም። ኢረር ተባለ። ፍጹምነቱ እዚህ ላይ አበቃ፤ ሂት አልባነቱ ግን ገና አልተነካም፤ ሰው የሚያምታታው ይህን ነው ይላል ቁጥር 5። ቀጥሎ የመጣው ማቲውስ በዚያ ዓመት 46 ሆም ራን (ከአጥር በላይ የሚሄድ ምት) የመታ ሰው ነው። ያም ሆኖ ባንት አድርጎ (ኳሷን በዱላው ነካ ብቻ አድርጎ) ራሱን ሠዋ፣ እሱ አውት ሆነ፤ ማንቲያ ሁለተኛ ቤዝ ደረሰ። አንደኛ ቤዝ ባዶ ሆነ፤ ተራው ደግሞ የአሮን። አሮን ዓመቱን በ0.355 የመምታት አማካይ የሊጉ አንደኛ ሆኖ የጨረሰ መቺ ነው፤ ስለዚህ ሆን ተብሎ ዎክ ተሰጠው። ስሌቱ ግልጽ ነው። አንደኛና ሁለተኛ ቤዝ ሲያዙ ከማንኛውም ቤዝ በግዴታ አውት (ሯጩ መሮጥ ግድ ሲሆንበት ኳሷ ቀድማው ቤዙ ስትደርስ) ማግኘት ይቻላል፤ አድኮክ ደግሞ ሯጭ አይደለም፤ መሬት ለመሬት ቢመታ ድርብ አውት ነው።

አድኮክ መሬት ለመሬት አልመታም። ከፍ ብላ የቀረች ስላይደር (ወደ ጎን የምትንሸራተት ውርወራ) አገኘና በቀኝ መሃል በኩል ከአጥሩ በላይ ላካት። የሌሊቱ የመጀመሪያ የብሬቭስ ሂት ይህች ናት።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጥር 5 ቀስ ብሎ ይሄድበታል፤ መጓተቱም ተገቢ ነው። ማንቲያ ሮጦ ቤቱን (መቺው የሚነሳበትንና ራን፣ ማለትም ነጥብ፣ የሚገባበትን ቤዝ) ረገጠ። አሮን ኳሷ አጥሩን መሻገሯን አላየም፤ ከአጥሩ በዚህ በኩል የወደቀች መስሎታል። ሁለተኛ ቤዝን ረገጠ፤ የማሸነፊያዋ ራን እንደገባች ሲያይ ጨዋታው አልቋል ብሎ ሦስተኛ ቤዝን ትቶ ሜዳውን አቋርጦ ወደ ዳግአውቱ (የቡድኑ መቀመጫ) አመራ። አድኮክ ሆም ራን መምታቱን ስለሚያውቅ አንገቱን ደፍቶ መሮጡን ቀጠለ፤ ወደ ሦስተኛ ሲያልፍ ከፊቱ መሆን የነበረበት አሮን ከኋላው ቀረ። ደንቡ አጭር ነው፦ ከፊትህ ያለውን ሯጭ፣ እሱ አውት ሳይሆን፣ ካለፍከው አንተ አውት ነህ። አድኮክ አውት ተባለ። ባልደረቦቻቸው ጮኸው መለሷቸው፤ አሮን ተመልሶ ቤዞቹን በቅደም ተከተል ረግጦ ገባ። በዚያች ሌሊት ዳኞቹ የማንቲያንና የአሮንን ቆጥረው 2 ለ 0 አሉ።

ቁጥር 6 ላይ ቃናው ይለወጣል። ከፋቹ 2 ለ 0 ብሎ የጻፈው የሌሊቱን ወሬ እንጂ የጨዋታውን ውጤት አይደለም፤ የሰነዱ ውጤት 1 ለ 0 ነው፤ ሰው ክር ከመክፈቱ በፊት የጨዋታውን ሰንጠረዥ አንድ ጊዜ ማየት አያቅተውም ይላል። በማግስቱ ሁለቱ ቡድኖች የሚጫወቱበት የናሽናል ሊግ ፕሬዚዳንት ዋረን ጃይልስ የአድኮክን ምት ከሆም ራን ወደ ደብል (ሁለት ቤዝ የሚያስይዝ ምት) ዝቅ አድርገው የአሮንን ራን ሰርዘዋል። ትክክል ነው፤ ግን ይህን ያህል መጮህ አያስፈልገውም ነበር።

ከፋቹ በቁጥር 7 አልተቀየመም። ይልቅ ጥሩ ጥያቄ ይዞ ተመለሰ፦ ኳሷ አጥሩን ካለፈች 3 ለ 0 መሆን አልነበረበትም? አድኮክ አውት ከሆነ ደግሞ አሮን ተመልሶ ስለገባ 2 ለ 0 ይሁን፤ 1 ለ 0 ከየት መጣ?

ቁጥር 8 ይህን ሲመልስ ሰውየው የደንብ መጽሐፉን ተንተርሶ የሚተኛ ይመስላል። በጨዋታ መጨረሻ ላይ የሚመታ ምት የራሱ ሕግ አለው። የመጨረሻዋ ራን በገባችበት ቅጽበት ጨዋታው ስለሚያልቅ፣ መቺው የሚቆጠርለት የማሸነፊያዋን ራን ያስገባው ሯጭ የተጓዘውን ያህል ቤዝ ብቻ ነው። ማንቲያ ከሁለተኛ ወደ ቤት የተጓዘው ሁለት ቤዝ ነው፤ ስለዚህ ደብል። ከዚህ ሕግ ነፃ የሚሆነው አጥር የተሻገረ ሆም ራን ብቻ ነው፤ ያኔ ከፊት ያሉት ሁሉ ይገባሉ፣ ሦስቱም ይቆጠራሉ። አድኮክ ግን ሆም ራኑን ዙሮ አልጨረሰም፤ መንገድ ላይ አውት ሆኗል። ሆም ራንነቱ ሲወድቅ ነፃነቱም አብሮ ይወድቃል፤ ጨዋታው ማንቲያ ቤት በረገጠበት ቅጽበት ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ የመጣው አሮን ትርፍ ነው። 3 ለ 0 የሚያሰኘው አንደኛው መንገድ ነው፣ 1 ለ 0 የሚያሰኘው ሁለተኛው፤ 2 ለ 0 የሚያሰኝ መንገድ የለም። የሌሊቱ ዳኝነት ሁለቱን ቀላቅሎ ነው የሰጠው።

ቁጥር 9 ለዚህ ምሳሌ አመጣ፦ ኦክቶበር 17 ቀን 1999፣ የናሽናል ሊግ ሻምፒዮና 5ኛ ጨዋታ፣ ሜትስ ከብሬቭስ፣ 15ኛ ኢኒንግ። ሮቢን ቬንቱራ ቤዞቹ ሁሉ ተይዘው ሳለ ኳሷን ከአጥር በላይ ላከ። ሁለተኛ ቤዝ ሳይደርስ ግን የቡድን ጓደኞቹ አቅፈው አስቀሩት። 7 ለ 3 መሆን የነበረበት 4 ለ 3 ሆኖ ተመዘገበ፤ አራት ራን የሚያስገባው ምትም ሲንግል (አንድ ቤዝ ብቻ የሚያስይዝ ምት) ተብሎ ቀረ። ሕጉ ያው ነው፤ የዚህኛው ተሸናፊ ብሬቭስ መሆኑ ብቻ ይለያል።

ከ10 እስከ 13 ያለው ጠብ ነው። ቁጥር 10 አሮንን ከፍሬድ ሜርክል ጋር አመሳስሎ ሁለቱም ሞኞች ናቸው አለ። ሜርክል ሴፕቴምበር 23 ቀን 1908 በፖሎ ግራውንድስ የቡድን ጓደኛው የማሸነፊያ ምት ሲመታ ሁለተኛ ቤዝን ሳይረግጥ ወደ መልበሻ ክፍል ያመራው የጃየንትስ ልጅ ነው። ቁጥር 11 በጣም ተናደደ። ሜርክል ከአንደኛ ቤዝ ተነስቶ ሁለተኛን የመርገጥ ግዴታ ነበረበት፤ ሳይረግጥ አውት ሲሆን ያ የግዴታ አውት ሦስተኛው ነው፤ በግዴታ አውት በሚያልቅ ኢኒንግ ራን አይገባም፤ ስለዚህ ስህተቱ የቡድኑን ድል አጠፋ። አሮን ግን ሁለተኛን ረግጧል፣ ማንቲያም ገብቷል፣ አውት የነበረውም አንድ ብቻ ነው። አሮን ያጠፋው የአድኮክን አንድ ሆም ራን እንጂ ድሉን አይደለም። እስከዚህ ጥሩ። ከዚያ ግን ቁጥር 11 አንተ ማለቱን ትቶ ቁጥር 10ን እርስዎ ማለት ጀመረ፤ እንዲህ ያለ ክር ያነበበ ሰው ሁሉ አንቱታው ከአክብሮት እንዳልመጣ ያውቃል። ቁጥር 12 በሳቅ ምልክት ብቻ አለፈ። ቁጥር 13 በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ብሎ መሃል ገባ፤ ነገሩ በረደ።

በረደ እንጂ ክሩ መንገድ ሳተ። ገና ከተነሳ ዘንድ ቁጥር 14 ገናም ቤዝቦልም በዱላ ኳስ መምታት ስለሆነ ዘመዳሞች ናቸው አለ። ቁጥር 15 አይደሉም አለው፦ ገና ላይ ሁለት ቡድን ሩሯን መሬት ለመሬት እየመታ ወደ ተቃራኒው ጫፍ ይነዳል፤ የሚወረውር፣ ተራ የሚጠብቅ፣ ቤዝ የሚረግጥ የለም፤ ዘመድ ከተፈለገ የሜዳ ሆኪ ይቀርበዋል። ቁጥር 16 ዎክን፣ ኢኒንግን፣ ባንትን ለምን በአማርኛ አትጽፉም ብሎ ወቀሰ። ቁጥር 17 ወርዋሪና መቺ አማርኛ ናቸው፤ ኢኒንግን ዙር ብትለው ግን የመቺዎች ተራ ከሚዞረው ዙር ጋር ይጋጭብሃል፤ ቁጥር 1 አራት ጊዜ ዞረ ያለውን 12 ዙር ከሚለው ጋር አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገባውና ሞክረው አለ። አሳማኝ ነው። ቁጥር 18 ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሶ ግንቦት 18 ቀን 1951 ዓ.ም. መሆኑን ነገረን። ቁጥር 19 ሁለት ዓመተ ምሕረት አንድ ክር ውስጥ አትቀላቅሉ፣ ነገ አንዱ መጥቶ ሃዲክስ በ1951 ወረወረ ይላል ብሎ ተቆጣ። ለቁጣው ምክንያት አለው፤ ሃዲክስ በ1951 ገና ትልቁ ሊግ ውስጥ አልገባም ነበር።

ወደ ጨዋታው የመለሰን ቁጥር 20 ነው፤ ለእኔ ከዋናው መልስ ቀጥሎ የሚነበበው ይህ ነው። ሁላችሁም 13ኛው ኢኒንግ ላይ ቆማችኋል፤ ፓይሬትስ የተሸነፈው በ3ኛው ነው ይላል። የብሬቭስ ወርዋሪ ሉ በርዴት 13 ኢኒንግ ሙሉ ወርውሮ 12 ሂት ተመትቶበታል። 12 ሂት አግኝቶ ዜሮ ራን! በ3ኛው ሮማን ሜሂያስ አንደኛ ቤዝ ላይ ነበር። ሃዲክስ ራሱ ኢንፊልዱን (በቤዞቹ ዙሪያ ያለውን ሜዳ) ያላለፈች ሂት መታ፤ ሜሂያስ ሁለተኛ ላይ መቆም ሲገባው ሦስተኛን ፈልጎ ሮጠና አውት ሆነ። ወዲያው ዲክ ስኮፊልድ ሲንግል መታ። ሜሂያስ አርፎ ቢሆን ኖሮ ወይ ይገባ ነበር ወይ ቤዞቹ ይሞሉ ነበር። ቢል ቨርደን ኳሷን አየር ላይ ሰቅሎ ኢኒንጉ ተዘጋ። አንድ ራን ያኔ ብትገባ ሃዲክስ በ9ኛው መጨረሻ ላይ ሥራውን ጨርሶ፣ ከ1880 ወዲህ የመጀመሪያውን የናሽናል ሊግ ፍጹም ጨዋታ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ሆክን ይህን ሁሉ ዓመት የምትሰቅሉት ለዚህ ነው ወይ ይላል።

ቁጥር 21 የ1880ው በዛሬ ዓይን እንዳይታይ ያስጠነቅቃል። በዚያ ዓመት ጁን 12 ሊ ሪችመንድ፣ ጁን 17 ጆን ዋርድ ፍጹም ጨዋታ ወርውረዋል፤ የመወርወሪያው ርቀት ግን 45 ጫማ ነበር፤ አሁን ያለው 60 ጫማ ከ6 ኢንች የመጣው በ1893 ነው። በናሽናል ሊግ ቀጣዩ ጂም በኒንግ በ1964 ነው። በመካከል ያለው ዝነኛው ዶን ላርሰን በ1956 የዓለም ሻምፒዮና ላይ የወረወረው ለአሜሪካን ሊጉ ያንኪስ ነው።

ቁጥር 22 አሰላለፉን አስታወሰ፦ በዚያ ቀን ሮቤርቶ ክሌሜንቴና ዲክ ግሮት አልተሰለፉም፤ ሜሂያስና ስኮፊልድ የቆሙት በእነሱ ቦታ ነው። ቁጥር 23 ደግሞ በርዴትን እንደ ዕድለኛ ሰው አትዩት ይላል፤ በ1957 የዓለም ሻምፒዮና ያንኪስን ሦስት ጊዜ እስከ መጨረሻው ወርውሮ ያሸነፈ ሰው ነው። የዚያን ሌሊት የወረወረው መንገድም ዘዴ አለው። ዜሮ ዎክ፣ ሁለት ስትራይክ አውት (መቺው ኳሷን ሳይመታ ወርዋሪው ራሱ የሚያወጣው)። ካወጣቸው 39 ሰዎች 37ቱን ያወጡለት ከኋላው የቆሙት ናቸው። ሂት ይሰጣል፤ ነፃ ሰው ግን አይጨምርበትም፤ ስለዚህ ሂቶቹ አይሰባሰቡም። ሃዲክስ በ12ቱ ኢኒንግ 8 ስትራይክ አውት አለው፤ 28ቱ በመከላከያ ወጡ። በጨዋታው ሁሉ የተሰጠው ዎክ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ለአሮን ሆን ተብሎ የተሰጠው። ቁጥር 24 በርዴት ኳሷን በምራቅ ያርሳል ተብሎ ዕድሜ ልኩን ይታማ ነበር ብሎ ሊያጣጥል ሞከረ፤ ማንም አልተከተለውም።

ከዚያ የምልክት ስርቆቱ መጣ። ቁጥር 25 እንደሚለው የብሬቭስ ወርዋሪ ቦብ ቡል ከዓመታት በኋላ አምኗል፤ ቡልፔን ውስጥ የነበሩት ሰዎች የፓይሬትሱ ካቸር (ከመቺው ኋላ ሆኖ ውርወራውን የሚይዘው) ምን ይወርወር ብሎ ለወርዋሪው በጣቱ የሚሰጠውን ምልክት በመነጽር እያዩ በፎጣ ለመቺው ያስተላልፉ ነበር፤ ምልክቱን አልቀበልም ያለው አሮን ብቻ ነው። ካቸሩ ስሞኪ በርጀስ ዝቅ ብሎ መቀመጥ ስለሚቸግረው ጣቶቹ በጭኖቹ መሃል አይደበቁም፣ ከሩቅ ይታያሉ። ቁጥር 26 ይህ እውነት ከሆነ ማጭበርበር ነው ብሎ ጮኸ። ቁጥር 27 ግን ነገሩን ከውስጥ ያየዋል። ካቸር ምልክቱን የሚያወሳስበው ሁለተኛ ቤዝ ላይ ሯጭ ሲኖር ነው፤ ያኔ ሦስት አራት ጣት ያከታትልና የትኛው እውነተኛ እንደሆነ የሚያውቁት እሱና ወርዋሪው ብቻ ናቸው። ቤዝ ባዶ ሲሆን አንድ ጣት ፋስትቦል (ፈጣን ውርወራ) ነው፣ አለቀ። ሃዲክስ ደግሞ 12 ኢኒንግ ሙሉ ቤዙ ባዶ ነበር። ፍጹምነቱ ራሱ ምልክቱን ክፍት አደረገው ማለት ነው። ቁጥር 28 ታዲያ እያወቁ ለምን አልመቱትም ለሚለው ይመልሳል፦ ሃዲክስ ያን ቀን የተጠቀመው በአብዛኛው ሁለት ነገር፣ ፋስትቦልና ስላይደር ነው። ፎጣው የኳሷን ዓይነት ይናገራል እንጂ ከጉልበት በላይ ትምጣ ከጉልበት በታች፣ ከውስጥ ትምጣ ከውጭ አይናገርም። ዓይነቱን እያወቀ ጠርዝ ላይ የምታልፍ ኳስ የሚመታ ሰው የሚመታው መሬት ለመሬት ነው። ሰውየው ያን ቀን ጉንፋን ይዞት ከፒትስበርግ በአውሮፕላን የመጣ መሆኑንም አትርሱ ይላል፤ አድኮክ ያገኛት ስላይደር ከፍ ብላ የቀረች መሆኗ አያስገርምም።

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ያገኘው በቁጥር 29 ነው፤ አጭር ነው። በ1991 በኮሚሽነር ፌይ ቪንሰንት የሚመራው የስታቲስቲክስ ኮሚቴ ሂት አልባ ጨዋታ ማለት ዘጠኝ ወይም ከዚያ በላይ ኢኒንግ ሄዶ ያለ ሂት ያለቀ ጨዋታ ነው ብሎ ወሰነ። ቁልፉ ቃል ያለቀ የሚለው ነው። በዚህ 50 ጨዋታዎች ከዝርዝሩ ወጡ፤ ዝናብ ወይም ጨለማ በአምስት ስድስት ኢኒንግ ያቋረጣቸውም፣ ዘጠኙን አልፈው በትርፉ ሂት የተመታባቸውም። የሃዲክስ ከሁለተኞቹ ነው።

ቁጥር 30 ከፋቹን ደግፎ ተነሳ፦ አምስት ኢኒንግ የወረወረና አሥራ ሁለት ኢኒንግ የወረወረ በአንድ ቢላ መቆረጣቸው ልክ አይደለም። ቁጥር 31 መለሰለት፦ ቢላው አንድ ካልሆነ መለኪያ አይሆንም። ፔድሮ ማርቲኔዝም ጁን 3 ቀን 1995 ሳን ዲዬጎ ላይ ዘጠኝ ፍጹም ኢኒንግ ወርውሮ በ10ኛው ቢፕ ሮበርትስ ደብል መታበት፤ ቡድኑ 1 ለ 0 አሸንፎ እንኳ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ቁጥር 32 የሃዲክስ 36 የተከታታይ አውት ሪከርድ ነው ሲል ቁጥር 33 ጠበብ አድርጎ አስተካከለው፦ በአንድ ጨዋታ አዎ፤ ጨዋታ እየተሻገረ ከሆነ ግን ማርክ በርሊ በ2009 45፣ ዩስሜይሮ ፔቲት በ2014 46 አድርሰዋል። በዚህ ክርክር ላይ እኔ ከቁጥር 31 ጋር ነኝ። ዝርዝሩ የሚለው ጨዋታው እንዴት እንዳለቀ እንጂ ማን የተሻለ እንደወረወረ አይደለም።

ቁጥር 34 የዛሬው ደንብ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር ይላል፤ ከ2020 ወዲህ በመደበኛው ወቅት 10ኛው ኢኒንግ የሚጀምረው ሁለተኛ ቤዝ ላይ ሯጭ ተቀምጦ ነው፤ ሃዲክስ በ10ኛው ገና የመጀመሪያዋን ኳስ ሳይወረውር ቤዙ ባዶ አይሆንም።

የመጨረሻዎቹ መልሶች ጨዋታውን ወረቀት ላይ እንዴት እንደሚጽፉት ነው የሚሟገቱት። ቁጥር 35 የሃዲክስ ሰንጠረዥ 12⅔ ኢኒንግ፣ 1 ሂት፣ 1 ራን፣ በወርዋሪው የሚቆጠር ራን 0፣ 1 ዎክ፣ 8 ስትራይክ አውት ይላል፤ ሁለት ሦስተኛው ከየት መጣ ብሎ ይጠይቃል። ቁጥር 36፦ አንዱ የማቲውስ ባንት፣ ሌላው የአድኮክ አውት፤ ማንቲያ የደረሰው በኢረር ስለሆነ ራኗ በወርዋሪው አትቆጠርም። ጀማሪ በብዛት የሚሳሳተውን፣ ጨዋታው ሲመዘገብ ለተከላካዮች የሚሰጠውን ቁጥርም አብሮ ጻፈ፦ 1 ወርዋሪ፣ 2 ካቸር፣ 3 አንደኛ ቤዝ፣ 4 ሁለተኛ ቤዝ፣ 5 ሦስተኛ ቤዝ፣ 6 ሾርት ስቶፕ፤ ሾርት ስቶፕ ቆሞ የሚገኘው በሁለተኛና በሦስተኛ መካከል ስለሆነ 5 የሚሰጡት አሉ። በመመዝገቢያው ወረቀት የማንቲያ ሳጥን ውስጥ ኢረር 5 ይጻፋል፤ ኳሷ ተበላሽታ የመጣች እንጂ ኔልሰን የጣላት ስላልሆነች 3 አይባልም። በአሮን ሳጥን ሆን ተብሎ የተሰጠ ዎክ፤ መስመሩ ሁለተኛ ላይ ይቆማል፣ ራን አይሞላም። በአድኮክ ሳጥን ደብልና አንድ ያስገባ፤ ከጎኑ በትንሹ፣ ሯጭ አልፎ አውት።

ቁጥር 37 ሃዲክስ በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1960 የዓለም ሻምፒዮና 7ኛ ጨዋታ፣ ቢል ማዜሮስኪ በ9ኛው ሆም ራን መትቶ 10 ለ 9 ሲያልቅ፣ አሸናፊ ሆኖ የተመዘገበው ወርዋሪ እሱ መሆኑን አስታወሰ። በዚያች ቀን የወረወረው አንድ ኢኒንግ ብቻ ነው፤ ያንኪስ አቻ የሆኑትም እሱ ላይ ነው።

ቁጥር 38 ከፋቹ ነው። 2 ለ 0 የሚለውን 1 ለ 0 አድርጎ አስተካክሏል፤ የሆክንም ስም ከጥፋተኛነቱ አውጥቶ በቦታው ሜሂያስን አስገብቷል። ቁጥር 39 ሜሂያስም አንድ ቤዝ ነው የሮጠው፤ 12 ሂት ያባከነው ቡድኑ ነው ብሎ እንደገና ጀመረ።